ከግራፊክስ ዲዛይን ወደ ማስተማር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ዕትም ያስተናገድናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከግራፊክስ ዲዛይነሮች የመጡ ናቸው። ገና ለማስተማር የሚያስቡ አሉ፤ ክፍል ገብተው ነገሩ አልያዝ ያላቸውም አሉ። ተመሳሳዮቹን አዋህደን፣ ረጃጅም ደብዳቤዎችን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በአንድ ማስታወቂያ ድርጅት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ዲግሪዬ በማርኬቲንግ ነው፤ ግራፊክስ የተማርኩት በአጭር ሥልጠናና በሥራ ላይ ነው። አሁን ማስተማር እፈልጋለሁ። የት ልሞክር? ምን ምን ወረቀትስ ላዘጋጅ? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዩኒቨርሲቲን ነው፤ ለእርስዎ ግን ሩቁ መንገድ እሱ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሌክቸረርነት ለመቀጠር ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል፤ ዲግሪውም ከሚያስተምሩት ሙያ ጋር የተዛመደ መሆን አለበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲውን «አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የመሰለ ቦታ በማርኬቲንግ ዲግሪና በጥሩ ፖርትፎሊዮ ቋሚ መምህር ሆኜ እገባለሁ ብለው ጊዜዎን አያባክኑ። ተማሪ ለመገምገም ወይም አንድ ርዕስ ለማቅረብ በእንግድነት መጋበዝ ግን ይቻላል፤ ለዚያ ደብዳቤ ከማስገባት ይልቅ ኮርሱን የሚሰጠውን መምህር ማነጋገር ይቀላል።

የሚቀርብዎት በር የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ነው። አሰልጣኞች እንደ ትምህርት ዝግጅታቸው በሲ፣ በቢና በኤ ደረጃ ይመደባሉ። ከዲግሪው ባልተናነሰ የሚታየው የሙያ ብቃት ምዘናው፣ ሁሉም ሰው «ሲኦሲ» የሚለው ነው። ልምድ አለኝ ብለው ሳይዘጋጁ አይግቡ። ምዘናው የሚለካው በሙያ ደረጃው ሰነድ ላይ የተዘረዘሩትን ተግባራት ነው፤ ልምድ ያለው ሰው ደግሞ የሚዘላቸው እነዚያን ነው፦ የሥራ ማዘዣውን አንብቦ መመዝገብ፣ የሥራ ቦታ ደህንነት፣ ረቂቅ ማቅረብ፣ ፋይል በሥርዓት መሰየም። ሰነዱን አስቀድመው ያግኙና እያንዳንዱን ተግባር በሰዓት እየለኩ ይለማመዱ።

የግል ኮሌጆችና አጫጭር ሥልጠና የሚሰጡ ማዕከላት ፈጥነው ይቀጥራሉ፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ በሰዓት ነው። ውል ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ፈተና የሚያርሙበት ሰዓት ይከፈልበታል? በአንድ ክፍል ከፍተኛው የሰልጣኝ ቁጥር ስንት ነው? ያዘጋጁት ሞጁል ከሄዱ በኋላ የማን ነው? ሦስተኛውን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ጸጸቱም የሚመጣው ከእሱ ነው።

መደበኛ ትምህርት ቤትም አለ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት ስላስገባ የግል ትምህርት ቤቶች በዚህ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋሉ። እዚያ ግን የመምህርነት ሥልጠና ይጠየቃል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ በሌላ ሙያ ዲግሪ ላለው ሰው መንገዱ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ ትልቁ መሰናክል የሥራ ልምድ ማስረጃው ነው። የሥራ መደቡን፣ የተቀጠሩበትንና የለቀቁበትን ቀን፣ ደመወዙን የሚገልጽ፣ ፊርማና ማኅተም ያለው መሆን አለበት። ከግል ድርጅት የመጣ ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። በግልዎ የሠሩባቸው ዓመታት የሚቆጠሩት የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ ካለ ነው። ደንበኛ የጻፈው የምስጋና ደብዳቤ ቢያምርም ልምድ ተብሎ አይያዝም። ዲግሪዎ ከውጭ አገር ከሆነ ደግሞ አቻ ግምቱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስቀድመው ያውጡ።

ፖርትፎሊዮዎን ይቀንሱት። ቀጣሪው 40 ሎጎ ማየት አያስፈልገውም። ሦስት ሥራ ይምረጡና እያንዳንዱን ከደንበኛው ጥያቄ ጀምሮ በረቂቆቹ በኩል እስከ ታተመው ድረስ ያሳዩ፤ የተጣሉትን ረቂቆችና የተጣሉበትን ምክንያት ጭምር። አንድ ሰው ማስተማር ይችል እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው። የናሙና ትምህርት ስጡ ካሉዎት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያገኛሉ። ብዙ ዲዛይነር ይህን ጊዜ የፎቶሾፕን መሣሪያዎች በመዘርዘር ይጨርሰዋል። እርስዎ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ይግቡ፤ ለምሳሌ አንድ የተበላሸ በራሪ ወረቀት ሰጥተው ጠያቂዎቹ ራሳቸው በሁለት ለውጥ እንዲያስተካክሉት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ እጄ ያውቀዋል፤ አፌ ግን አያወጣውም። ርዕሱን ለምን እዚያ እንዳደረግሁት ተማሪ ሲጠይቀኝ «እዚያ ያምራላ» ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። በሳምንት ሁለት ቀን የሦስት ሰዓት ክፍል አለኝ፤ ተማሪዎቼ 28 ናቸው። እንዴት ልዘጋጅ? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሥራ በእጅ ሲለመድ ምክንያቱ ከሐሳብ ይወጣል። አንድ በራሪ ወረቀት ሲያቀናብሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ነገር ይወስናሉ፦ የቱ ቃል ይተልቅ፣ ምን ይቀነስ፣ ዳሩ ምን ያህል ይስፋ። ተማሪው የሚያየው ማውሱ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሊያስተምሩት የሚገባው ደግሞ ውሳኔውን ነው፤ ስለዚህ ዝግጅትዎ ከስላይድ አይጀምርም።

ከዚህ በፊት ያስረከቡትን አንድ ቀላል ሥራ ይውሰዱና ከባዶ እንደገና ይሥሩት፤ ስክሪኑንና ድምፅዎን እየቀዱ። አንድ ነገር ባንቀሳቀሱ ቁጥር ምክንያቱን በአፍዎ ይናገሩ። ሲጨርሱ ቅጂውን አዳምጠው ውሳኔዎቹን በወረቀት ይዘርዝሩ። «ያምራል» ያሉበትን ሁሉ በቀይ ያስምሩበት። አሁን እያንዳንዱን ቀይ አበላሽተው ይዩት፦ ርዕሱን ወደ ታች ያውርዱ፣ የስልክ ቁጥሩን ከርዕሱ ጋር እኩል ያድርጉ፣ ዳሩን ያጥብቡ። ሁለቱንም አትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና ሥራውን የማያውቅ ሰው ከሦስት ሜትር ርቀት አቁመው «መጀመሪያ ምን አነበብክ?» ይበሉት። «ያምራል» ያሉት ነገር አብዛኛውን ጊዜ «መጀመሪያ የሚነበበው ይህ እንዲሆን» ወይም «እነዚህ ሁለቱ አንድ መሆናቸው እንዲታወቅ» ማለት ሆኖ ያገኙታል። እያንዳንዱ የተፈታ ቀይ መስመር የአንድ ቀን ትምህርት ነው።

አንድ ቀን ምን እንደሚመስል እንይ፤ ርዕሱ የአማርኛ ጽሑፍ አሰዳደር ይሁን። አብዛኛው የዩቲዩብ ትምህርት የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው፤ ተማሪው ደንቡን እንዳለ አምጥቶ አማርኛ ላይ ይጭነዋል። እንደ ኢንዲዛይን ያሉ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች በራሳቸው የሚሰጡት የመስመር ርቀት የፊደሉን መጠን 120 በመቶ ነው፤ ለ10 ነጥብ ጽሑፍ 12 ነጥብ ማለት ነው። ላቲን ላይ ትናንሾቹ ፊደላት ከላያቸው ክፍተት ስለሚተዉ ይህ ይበቃል። የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ አብዛኛው ፊደል የመስመሩን ቁመት ስለሚሞላ በ120 በመቶ ሲሰደር መስመሮቹ ይጣበቃሉ፣ ዓይንም መስመር ይስታል። ለ10 ነጥብ 14 ወይም 15 ነጥብ አድርገው ያሳዩዋቸው።

ከዚያ ይቀጥላል። ትልቅ ፊደል ስለሌለ ርዕስን ለይቶ ማሳየት የሚቻለው በመጠን፣ በውፍረት፣ በቀለምና በክፍተት ነው። የ«አይታሊክ» ቁልፉን ሲጫኑ ፕሮግራሙ ፊደሉን በግድ ያጋድለዋል እንጂ የተዘጋጀ ጋዳላ ቅርጽ አያመጣም። ወፍራም ቅርጽ በሌለው ፎንት ላይ ዙሪያውን መስመር ጨምሮ ማወፈርም የሐ፣ የጠና የጨ እግሮች መካከል ያለውን ነጭ ይደፍነዋል፤ በትንሽ መጠን ሲታተም ፊደሎቹ አይለዩም። ጽሑፉን በሁለቱም ዳር እኩል ማድረግ ጠባብ ዓምድ ላይ ትላልቅ ቀዳዳ ይፈጥራል፤ ምክንያቱም «እንደሚያስፈልጋቸው» የመሰለው ረጅም ቃል በመስመር መጨረሻ ስለማይከፈል እንዳለ ወደ ታች ይወርዳል። ጠባብ ዓምድን ወደ ግራ ብቻ ማስያዝ ይሻላል። ኒያላና ኖቶ ሳንስ የተባሉት ፎንቶች በአንድ ነጥብ ጎን ለጎን ሲቀመጡም ኒያላ ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ «ጽሑፉን 10 ነጥብ አድርጉ» የሚል መመሪያ የፎንቱ ስም ካልተጨመረበት ትርጉም የለውም።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አይናገሩ፤ የመስመር ርቀቱና የርዕሱ ጉዳይ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። 60 ቃል ያህል ያለው አንድ ማስታወቂያ ለሁሉም ያድሉ። ጽሑፉ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ሁሉ የመጣው ከውሳኔ ነው፤ ተማሪ የራሱን ጽሑፍ ሲያመጣ ግን ክፍሉ ስለ ጽሑፉ ማውራት ይጀምራል።

ሦስት ሰዓቱን እንዲህ ይሸንሽኑት። አሥር ደቂቃ ያለፈውን ማስታወስ፣ 15 ደቂቃ እርስዎ ማሳየት፣ 15 ደቂቃ ኮምፒውተር ሳይነካ በእርሳስ መንደፍ፣ 50 ደቂቃ ሥራ፣ አሥር ደቂቃ ዕረፍት፣ 45 ደቂቃ ማረም፣ 30 ደቂቃ ግምገማ፣ በቀረችው አምስት ደቂቃ የቤት ሥራ። ማሳያው ከ15 ደቂቃ ካለፈ የኋላው ረድፍ ስልኩን ያወጣል። የሚያሳዩትንም ሁለት ጊዜ ያሳዩ፤ አንዴ ሳይናገሩ በፍጥነት፣ አንዴ እያብራሩ በዝግታ።

የተማሪን ማውስ አይቀበሉ። ይህን ደንብ የሚጥስ አዲስ መምህር ብዙ ነው፤ 28 ሰው ሲጠራዎት «ቆይ፣ ላሳይህ» ማለት ይፈጥናል። ተማሪው ግን ያየው ችግሩ ሲጠፋ እንጂ ሲፈታ አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ይጠይቅዎታል። ጣትዎን ስክሪኑ ላይ ያኑሩ፣ እጅዎን ወደ ኋላ ያድርጉ፣ እሱ ይጫን።

ጥያቄ፦ ግምገማ ላይ ተማሪዎቼ ትንፍሽ አይሉም። ስጠይቃቸው «ጥሩ ነው» ብለው ያልፋሉ። እኔ ስናገር ደግሞ ባለ ሥራው ፊቱ ይጠቁራል። (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዝምታው ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ጓደኛን በመምህር ፊት ማሳጣት ነውር ተደርጎ ስለሚታይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፍርድን ከጨዋታው ያውጡ። በመጀመሪያው ዙር የሚፈቀደው ዓይን ያየውን መናገር ብቻ ነው፤ «መጀመሪያ ያየሁት ቀዩን ክብ ነው፣ ቀኑን ያገኘሁት በመጨረሻ ነው» ዓይነት። በሁለተኛው ዙር ያ ከሥራ ማዘዣው ጋር ይነጻጸራል፦ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ቀኑን ከነበረ ቀዩ ክብ ምን ይሁን? በሦስተኛው ዙር እያንዳንዱ አንድ ለውጥ ብቻ ያቀርባል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አስተያየቱ ስም በሌለው ብጣሽ ወረቀት ይሰብሰብ፤ አፋቸው እየተፈታ ሲሄድ ወረቀቱ ይቀራል።

እርስዎ መጨረሻ ላይ ይናገሩ። መምህር ቀድሞ ከተናገረ የቀረው ሰው እሱን ይደግማል። ስለ ሥራው ሲናገሩም «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ከማለት «ይህ ርዕስ ከምስሉ ጋር ይጋጫል» ይበሉ።

ሰዓቱንም ያስሉ። ክፍልዎ እንደ ሐዋሳው አንባቢ 28 ተማሪ ካለው፣ እያንዳንዱ ሥራ በስድስት ደቂቃ ቢገመገም 168 ደቂቃ ይወስዳል፤ ክፍለ ጊዜው አለቀ ማለት ነው። አራት አራት አድርገው በሰባት ቡድን ይክፈሏቸው፤ በ30 ደቂቃ ለእያንዳንዱ ሥራ ሰባት ደቂቃ ይደርሳል። በየክፍለ ጊዜው ሁለት ቡድን ጋ ቢቀመጡ በሁለት ሳምንት ሁሉንም ያዳርሳሉ።

ጥያቄ፦ ውጤት ስሰጥ «በራስህ ምርጫ ነው የምታርመው» ይሉኛል። አንዳንዱ ደግሞ ከኢንተርኔት የወረደ ወይም በኤአይ የተሠራ ነገር ያመጣል፤ ማረጋገጥ አልቻልኩም። (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መፍትሔ አላቸው፤ የመጨረሻውን ምስል ብቻ ማረም ማቆም። ከመቶው 30ውን ለሂደቱ ይስጡ፦ ቢያንስ 12 ትናንሽ የእርሳስ ንድፎች፣ ከእነሱ የተመረጡ ሦስት ረቂቆች፣ የቀሩት ለምን እንደቀሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሁሉም ቀን የተጻፈበት። ምስሉን ያወረደ ሰው ንድፎቹን ከኋላ ተመልሶ መሥራት ይኖርበታል፤ ሲሠራቸው ደግሞ ሁሉም መጨረሻውን ስለሚመስሉ ወዲያው ይታወቃል። ጥርጣሬ ካለዎት ክስ ውስጥ አይግቡ። ፋይሉን አስከፍተው «ርዕሱን በአንድ ቃል አስረዝመው፣ ሌላውን እንደሚስማማ አስተካክል» ብለው አሥር ደቂቃ ይስጡት። ራሱ የሠራው ሰው ንብርብሮቹን ያውቃቸዋል።

ለሥራ ማዘዣው መልስ መስጠቱ 25፣ ለአሰዳደርና ለንባብ ቅደም ተከተል 25። የቀረው 20 ለፋይል ዝግጅት ይሁን፤ እዚህ ላይ ምርጫና ስሜት የለም፣ አለ ወይም የለም። አምስት ነገር ይቁጠሩ፣ ለእያንዳንዱ አራት ነጥብ፦ በየዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ (ሲቆረጥ የሚወገድ)፣ ምስሎች በሚታተሙበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ቀለም በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች)፣ ትንንሽ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ ፎንቶቹ ከፋይሉ ጋር የተያያዙ። አራተኛውን ምክንያቱን ካላስረዱ ይረሱታል። በአርጂቢ (በስክሪን ቀለም) የተሠራ ጥቁር ጽሑፍ ወደ ሲኤምዋይኬ ሲቀየር ከአራቱም ቀለም ይሠራል፤ አራቱ ፕሌቶች (የማተሚያ ሰሌዳዎች) በፀጉር ስፋት ከተዛነፉ ፊደሉ ዙሪያውን ቀለም አውጥቶ ይደበዝዛል።

ይህን ለመፈተን ጥሩ ጥያቄ የባነር ጥያቄ ነው። ሦስት በሁለት ሜትር ባነር በ300 ዲፒአይ ክፈቱ ይበሏቸው። ፋይሉ 35,433 በ23,622 ፒክሰል ይሆናል፤ በአርጂቢ ሳይጨመቅ ከ2 ጊጋባይት በላይ ነው፣ ማሽኑም ይቆማል። ያው ባነር በ72 ዲፒአይ ወደ 145 ሜጋባይት ይወርዳል፤ ከሩቅ ለሚታይ ነገርም በቂ ነው። «300 ዲፒአይ» የሚለውን እንደ ጸሎት ሲደግም የኖረ ተማሪ ቁጥሩ ከምን እንደመጣ የሚጠይቀው ያን ጊዜ ነው።

የነጥብ ሠንጠረዡን ሥራው በተሰጠበት ቀን ያድሉ። ከውጤት በኋላ የወጣ ሠንጠረዥ ማስተባበያ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ላቦራቶሪያችን ውስጥ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 14 ናቸው፤ ሰልጣኞች 30። መብራት በሳምንት ቢያንስ አንዴ ይጠፋል። ሶፍትዌሩ የተሰበረ ነው። (አሰልጣኝ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ጥንድ ጥንድ አድርገው ያስቀምጧቸው፤ አንዱ ማውስ ይይዛል፣ ሌላው ማዘዣውን ይዞ ይመራል፣ በየ25 ደቂቃው ይቀያየራሉ። የሚተርፉት ሁለቱ ወረቀት ላይ ይሥሩ፤ ተራው በየቀኑ ይዙር። መሪው እጁን ማውስ ላይ እንዳያሳርፍ ይከልክሉ፤ ካልሆነ ጎበዙ ሠርቶ ሌላው ተመልካች ይሆናል።

ለመብራቱ በወረቀት የታተመ ተጠባባቂ ትምህርት ሁልጊዜ ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር። የተበጣጠሰ የጋዜጣ ገጽ፣ መቀስና ማስቲሽ ይበቃሉ፦ ርዕሱን፣ ምስሉንና ዓምዶቹን ቆርጠው በሌላ ቅደም ተከተል ያዋቅሩ። እውነቱን ለመናገር ስለ ገጽ አቀማመጥ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ይህ ያስተምራል፤ ፊደሉን ማሳነስ ስለማይቻል ተማሪው መቀነስን ይማራል።

የተሰበረ ሶፍትዌር ሲዘመን ይቆማል፣ ቫይረስም ይዞ ይመጣል። በነፃ የሚገኙትን ያስቡ፤ ለዓርማና ለሥዕላዊ ሥራ ኢንክስኬፕ፣ ለፎቶ ጊምፕ፣ ለገጽ ቅንብር ስክራይበስ። ድክመታቸውንም ይወቁ። ኢንክስኬፕ ለኅትመት የሚያስፈልገውን የሲኤምዋይኬ ሥራ በደንብ አይሠራም፤ ስክራይበስ ይሠራል፣ ስለዚህ ዓርማውን በኢንክስኬፕ ሠርተው ወደ ስክራይበስ አምጥተው ፒዲኤፍ ያውጡ። ኢንተርኔት ካለ ፊግማ ለመምህራንና ለተማሪዎች ነፃ ነው፤ ነገር ግን በአርጂቢ ብቻ ስለሚሠራ ለስክሪን ሥራ ይጠቀሙበት።

ሌላው ጣጣ ፎንት ነው። በዱሮዎቹ፣ ዩኒኮድ (በየማሽኑ አንድ የሆነው የፊደል ኮድ) ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ ወደሌለበት ማሽን ሲሄድ የላቲን ፊደል ድብልቅልቅ ይሆናል። ለክፍሉ ሁለት የዩኒኮድ ፎንት ይምረጡ፣ ኖቶና አቢሲኒካ በነፃ ይገኛሉ፣ በ14ቱም ማሽን ላይ ይጫኑ፣ ሌላ አይፈቀድ። ፍላሽ ዲስክም ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ከመዞሩ በፊት በአንድ የተወሰነ ኮምፒውተር ላይ ይፈተሽ፤ ፎልደሮችን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ የፈተና ሳምንት ከገባ ሥራ ሁሉ ይቆማል።

ጥያቄ፦ ማስተማር ስጀምር ደንበኞቼን ልተው? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አይተዉ፤ ይቀንሱ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት የዝግጅትና የእርማት ሰዓት ይያዙ። በሳምንት ስድስት ሰዓት የሚያስተምሩ ከሆነ 18 ሰዓት ሄደ ማለት ነው። አስቸኳይ ሥራ የማይጠይቁ አንድ ወይም ሁለት ደንበኞች ያስቀሩ፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ ምን እየተለወጠ እንደሆነ የሚያውቁት በእነሱ በኩል ነው። የደንበኛ ሥራ ለተማሪ «መለማመጃ» ብሎ ሰጥቶ ክፍያውን መቀበል ግን ነውር ነው፤ ተማሪዎቹም ቀድመው ያውቁታል። እውነተኛ ሥራ መስጠት ከፈለጉ ደንበኛው ራሱ ክፍል መጥቶ ያስረዳ፣ የተመረጠው ተማሪም ይከፈለው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ዲግሪዬ ከኢትዮጵያ ነው፤ እዚህ 11 ዓመት በዲዛይን ሠርቻለሁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ማስተማር እችላለሁ? (አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ይችላሉ፤ ነገር ግን አከፋፈሉን ይወቁ። አሜሪካ ውስጥ ለስቱዲዮ ትምህርት የመጨረሻው ዲግሪ ተብሎ የሚታወቀው ኤምኤፍኤ፣ የሥነ ጥበብ ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ በአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ቦታ ለማግኘት ብዙ ጊዜ እሱ ይጠየቃል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለአንዳንድ የሙያ ኮርሶች የመጀመሪያ ዲግሪና የሥራ ልምድ ይቀበላሉ፤ ማስታወቂያው ላይ ዝቅተኛው መስፈርት በግልጽ ስለሚጻፍ መጀመሪያ እሱን ያንብቡ። ለአዲስ ሰው ክፍቱ ቦታ አጀንክት፣ ማለትም ቋሚ ያልሆነ የትርፍ ሰዓት መምህርነት ነው፤ ክፍያው በኮርስ ወይም በክሬዲት ሰዓት ነው፣ የጤና መድን አብዛኛውን ጊዜ የለውም፣ ተመዝጋቢ ካነሰም ኮርሱ ሊሰረዝ ይችላል። የቀን ሥራዎን ይዘው በማታ ክፍል ይጀምሩ።

የኢትዮጵያ ዲግሪዎን እንደ ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ባለ ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሙ፤ ከዩኒቨርሲቲዎ የሚላከው ትራንስክሪፕት ጊዜ ስለሚወስድ ማስታወቂያ እስኪወጣ አይጠብቁ። ከሲቪው ጋር ስለ ማስተማር ዘዴዎ የሚገልጽ አንድ ገጽና የናሙና ሲለበስ (የኮርስ ዕቅድ) ይጠየቃሉ። ሲለበሱ ውስጥ ኮሚቴው የሚፈልገው ተማሪው በ15 ወይም በ16 ሳምንት መጨረሻ ምን መሥራት እንደሚችል ነው፤ «ፎቶሾፕ ይተዋወቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጥልዎታል፣ «በሦስት ዓምድ የተዋቀረ ባለ ስምንት ገጽ መጽሔት ለኅትመት ያዘጋጃል» የሚለው ያስቀርብዎታል። ፌርፓ የሚባለው የ1974ቱ የፌዴራል ሕግ የተማሪን መዝገብ ስለሚጠብቅ ውጤት በር ላይ መለጠፍ አይቻልም፤ የተማሪ ሥራ ፖርትፎሊዮዎ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊትም በጽሑፍ ያስፈቅዱ።

ሌላው በር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሙያ ትምህርት ክፍል ነው። ብዙ ክፍለ ግዛቶች በሥራ ልምድ ለገባ ሰው የተለየ የመምህርነት ፈቃድ መንገድ አላቸው፤ ደመወዙም ከአጀንክት ይልቅ የተረጋጋ ነው።

ጥያቄ፦ ሥዕል አልችልም። ዲዛይን ማስተማር እችላለሁ? (አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ይችላሉ። ለክፍል የሚያስፈልግዎ ሥዕል ሰሌዳ ላይ ሳጥን፣ መስመርና ቀስት ነው፤ ርዕስ ወፍራም መስመር፣ ጽሑፍ ቀጫጭን መስመሮች፣ ምስል ኤክስ የተደረገበት ሳጥን። ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ አንድ የጋዜጣ ገጽ ይውሰዱና በዚህ ዘዴ በሁለት ደቂቃ ሰሌዳ ላይ ይገልብጡት። ጠመኔ ይሁን ማርከር፣ ከኋላ ወንበር እንዲታይ ወፍራሙን ይምረጡ።